ፎርማት ሳያደርግ ፕሮግራማችንን ላዳነልን ልጅ

አብዛኛው ኮምፒውተር ጠጋኝ አንዲት መድኃኒት አለችው፤ ፎርማት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ደምስሶ ከአዲስ መጫን። ቢዘገይ ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት። ዛሬ የማመሰግነው ልጅ ግን ይህችን ቃል አንዴም ከአፉ አላወጣትም። መገናኛ አካባቢ ይሠራል። ስሜ በአደባባይ አይጠራ ስላለኝ አልጠራውም።

የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። የዕቃ መዝገባችን ያለው ቪዥዋል ቤዚክ በሚባል የድሮ የፕሮግራም መሥሪያ ቋንቋ የተሠራ ፕሮግራም ላይ ነው። የሠራልን ሰው አገር ውስጥ የለም፤ ሲዲውም ጠፍቷል። ፎርማት ከተደረገ በቃ፣ መልሶ የሚጭንልን አናገኝም።

ይሄ ፕሮግራም «ሽያጭ መዝግብ» ስንለው ድርቅ ማለት ጀመረ። መስኮቱ ነጣ ይልና «ኖት ረስፖንዲንግ» ብሎ ይቀራል። ዘግተን ብንከፍተውም ያው ነው። ኤክሴሉም ብራውዘሩም ግን አማን ናቸው። አንዱ ባለሙያ ራም ጨመረ፣ ሌላው አንቲቫይረስ ጫነ፣ ሁለቱም ሒሳባቸውን ተቀበሉ። የሚገርመው ደግሞ መዳኑ! ጥቂት ሳምንት በሰላም ይሠራና ተመልሶ ይደርቃል።

ልጁ መጥቶ ማውሱን ከመንካቱ በፊት ወንበር ስቦ ጥያቄ ጀመረ።

«እትዬ፣ ማታ ማታ ያጠፉታል?»

«እንዴታ! በገዛ እጄ።»

«ዩፒኤሱ የተገዛው መቼ ነው?»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ለካ ችግሩ የጀመረው ከዩፒኤሱ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ ከሚያቆየው ዕቃ፣ ወዲህ ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ ታስክ ማናጀርን ከፈተና «አፕ ታይም» የምትለዋን፣ ዊንዶውስ ከዜሮ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የምትናገረዋን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። ከ25 ቀን በላይ ትላለች። ትናንት ማታ ያጠፋሁት ኮምፒውተር!

እንደገባኝ ላስረዳ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር መጥቷል። እሱ ከበራ፣ ሻት ዳውን ስንለው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የውስጡን ሁኔታ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ጠዋት ከዚያው ይቀጥላል። ከዜሮ የሚነሳው ሪስታርት ሲባል ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ጊዜውን በሚሊሰከንድ ይቆጥራል። የድሮ ፕሮግራሞች የሚያነቡት ቆጣሪ 32 ቢት ስለሆነ፣ ማለትም የሚይዘው ቁጥር ገደብ ስላለው፣ 49.7 ቀን ሲሞላው እንደ አሮጌ መኪና ኪሎሜትር ዞሮ ዜሮ ይገባል። የድሮው ቪዥዋል ቤዚክ የዚያን ቁጥር የላይኛውን ግማሽ ከዜሮ በታች አድርጎ ስለሚያነበው፣ ገና 25 ቀን ሊሞላ ሲል ኔጌቲቭ ውስጥ ይወድቃል። የኛ ፕሮግራም «ቁጥሩ ከዜሮ እስኪያልፍ ጠብቅ» ዓይነት ትዕዛዝ አለበት። ስለዚህ ይጠብቃል። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ዩፒኤስ ሳይኖረን መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሳይወድ በግድ ከዜሮ ይነሳ ነበር። ለካ ያ የምናማርርበት የመብራት መጥፋት ሲያክመን ኖሯል! እነዚያ ባለሙያዎችም ያዳኑት ሥራቸውን ሲጨርሱ ሪስታርት ስለሚያደርጉት እንጂ በራሙም በአንቲቫይረሱም አልነበረም። ብሬ ግን ሄደ።

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ዊንዶውስ 95 እና 98 ራሳቸው ያለማቋረጥ 49.7 ቀን ሲሠሩ ይደርቁ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎች ሬዲዮ በድንገት ዝም ያለው በዚሁ ዓይነት ቆጣሪ ምክንያት ነው።

ልጁ ከፓወር ኦፕሽንስ ገብቶ ፋስት ስታርትአፕን አጠፋው። ሥራው ይኸው ነው፤ ደቂቃም አልፈጀ። ከዚያ ሳልጠይቀው የፕሮግራሙንና የዳታውን ፋይሎች ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ። የወደድኩለት ደግሞ አለመኩራራቱ ነው። «ጉድለቱ ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፣ እሱን አልነካሁትም። ቁጥሩ እዚያ እንዳይደርስ ነው ያደረግኩት። ቀስ ብላችሁ ወደ አዲስ ቀይሩ፤ እስከዚያ ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ አይክረሙ» አለኝ። ያስከፈለኝም ፎርማት ከሚጠየቅበት ያነሰ ነው።

እንግዲህ የድሮ ፕሮግራም ይዛችሁ የምትቸገሩ፣ ክሊኒክም ሁኑ ፋርማሲ ወይም እንደኛ ባለ ሱቅ፣ «ፎርማት ይደረግ» ከመባላችሁ በፊት እሱን አማክሩት። እውነቱን ለመናገር ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል። ስልክም ቶሎ አያነሳም፤ ቴክስት ይሻላል። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ፕሪንተር ግን አይጠግንም፣ ለእሱ አትጥሩት።