ቤይሊ ተገጣጣሚ ድልድይ፦ ለማን ያዋጣል?

ቤይሊ በገበያ ላይ ካሉት ተገጣጣሚ የብረት ድልድዮች ከአንጋፋዎቹ አንዱ ነው። ዛሬም ይመረታል፤ ያገለገለውም እየተፈታ ይሸጣል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ እስከ 40 ሜትር ለሚደርስ ባለ አንድ መስመር መሻገሪያ፣ በተለይ ክሬን በማይደርስበት ወንዝ ላይ፣ ከሱ የሚሻል ዕቃ አናውቅም። ከ50 ሜትር በላይ ሲሆን ግን የፓነሉ፣ ማለትም እየተገጣጠመ የድልድዩን ጎን የሚሠራው የብረት ፍሬም፣ ቁመት አይበቃም። በላዩ ሌላ ፎቅ መደረብ ይመጣል፣ ሥራውም ወጪውም ይበዛል። ለእንዲህ ያለው ርዝመት 2.13 ሜትር ቁመት ያለውን ኮምፓክት 200 የሚባለውን ዘመዱን ማየት ይበጃል።

ዶናልድ ቤይሊ በእንግሊዝ አገር ክራይስትቸርች በነበረው የጦር ሠራዊት የድልድይ ሙከራ ጣቢያ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ታንኮች እየከበዱ ሄደው በእጅ የነበሩት ድልድዮች ሊሸከሟቸው ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ1940 ንድፉን አቀረበ። ድልድዩ በ1941 ተሞከረ፤ በ1942 መገባደጃ ቱኒዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ከንድፉ ጋር አብረው የተቀመጡት ግዴታዎች ዕቃው እስከ ዛሬ ያለውን ጠባይ ያስረዳሉ፦ ማንኛውም ክፍል በ3 ቶን መኪና መጫን አለበት፣ በሰው ኃይል መነሳት አለበት፣ ድልድይ ሠርቶ የማያውቅ ፋብሪካም ሊያመርተው ይገባል። ፓነሉ 3.05 ሜትር ርዝመትና 1.55 ሜትር ቁመት ኖሮት 260 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ለዚህ ነው። ስድስት ሰው ሲይዘው ለእያንዳንዱ 43 ኪሎ ይደርሰዋል። በጣሊያን ዘመቻ በሳንግሮ ወንዝ ላይ 343 ሜትር የሚረዝም ተዘርግቷል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በ1975 አውስትራሊያ ሆባርት ላይ መርከብ የታዝማንን ድልድይ ገጭቶ ሲጥለው፣ በደርወንት ወንዝ ላይ ጊዜያዊ መሻገሪያ የሆነው 788 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሁለት መስመር ቤይሊ ነው። እነዚህ ሁሉ በብዙ ምሰሶ ላይ የተቀመጡ ናቸው። አንድም ምሰሶ ሳይኖር ያን ያህል ይዘረጋል ብሎ የሚያስብ ገዥ አይጠፋምና ይህን ማስታወሱ አይከፋም።

አሁን ወደ ዕቃው። ለምሳሌ 30.5 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በየጎኑ ሁለት ረድፍ ፓነል የቆመበት ባለ አንድ ፎቅ ድልድይ ብንወስድ አሥር ክፍል አለው። ፓነሉ 40 ነው፤ እሱ ብቻውን ከ10 ቶን ይበልጣል። በአንድ የፓነል መስመር ዘጠኝ መገጣጠሚያ ሲኖር፣ በእያንዳንዱ ፓነሎቹን የሚያያይዝ ወፍራም ብረት፣ ፒን የሚባለው፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ ይገባል። የሁለቱ ጫፍ የዳር ቋሚዎች ፒን ሲጨመር በመስመር 22፣ በአራቱ መስመር 88 ፒን ይሆናል። ከጎን ወደ ጎን የሚሻገረው ወፍራም አግዳሚ፣ ትራንሶም የሚባለው፣ ለየክፍሉ ሁለት ሆኖ መዝጊያ ላይ አንድ ይጨመርበታል። በላዩ በድልድዩ ርዝመት የሚነጠፉትና የመንገዱን ወለል የሚሸከሙት ስትሪንገሮች ለክፍሉ ስድስት፣ በድምሩ 60 ናቸው። የመንገዱ ወለል ጣውላ ከሆነ ለክፍሉ 13 ጣውላ ይፈለጋል። ከነዚህ ሌላ ከስር በመስቀል ተዘርግቶ ድልድዩ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ የሚይዘው ስዌይ ብሬስ 20፣ ፓነሉን ከትራንሶሙ ጋር በሰያፍ የሚደግፉት ራከሮች፣ የዳር ቋሚ 8፣ መቀመጫና የመሠረት ሰሌዳ አለ። ሻጩ ሲዘረዝር ድልድዩን ወደ ማዶ ለመግፋት የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ፓነል አብዛኛውን ጊዜ አያስገባም። ለዚህ ርዝመት 12 ያህል ፓነል በተጨማሪ መጠየቅ አለበት፤ ሌላ ድልድይ ካለዎት ከዚያ መዋስ ይቻላል።

የትኛውም ሰው ችላ የሚለው ክፍል ፒኑ ነው። ፒኑን አንስተው አናቱን ቢያዩት ከዳር ዳር የተቀረጸ ጭረት አለበት። ጭረቱ በጫፉ በኩል የመቆለፊያው ክሊፕ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር አቅጣጫው አንድ ነው። ፒኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀዳዳው ስለማይታይ፣ ክሊፑን ከየት ወደ የት ማስገባት እንዳለበት ሠራተኛው የሚያውቀው ከዚህ ጭረት ነው። ከርካሽ አምራች የመጣ ፒን ጭረት የሌለው ሆኖ ከተገኘ የቀረው ሥራም እንደዚያው ይሆናል ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድብዎትም። ፒኑ አልገባ ሲል በከባድ መዶሻ መምታት ክልክል ነው። ፓነሉን በክሪክ ወይም በብረት ዘንግ ትንሽ አንስቶ የወንዴና የሴቴ ጫፎቹን ቀዳዳ ማስተካከል ነው መፍትሔው።

አቅሙን በሚመለከት ገዥው ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ። "321" የተባለውና ፓነሉ በ3 ሜትር በ1.5 ሜትር የሚሠራው የቻይና ዓይነት ሠንጠረዥ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ለአንድ ጎን አንድ ረድፍ ባለ አንድ ፎቅ 788 ኪሎኒውተን ሜትር የመታጠፍ አቅም አለው። ሁለት ረድፍ 1,576፣ ሦስት ረድፍ 2,246 ነው። ሦስተኛው ረድፍ ከመንገዱ ስለሚርቅ ድርሻውን ሙሉ አይሸከምም፤ ለዚህ ነው 2,364 ያልሆነው። በሁለት ረድፍ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ቢደረብ 3,265 ይደርሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን የሺር አቅሙን፣ ማለትም ድልድዩን ቁልቁል ሊቆርጠው የሚሞክረውን ኃይል የሚችልበትን ልክ፣ ይመልከቱ። ለአንድ ረድፍ 245፣ ለሁለት 490 ኪሎኒውተን ነው፤ ፎቅ ሲደረብበትም ያው 490 ነው። አጭር ድልድይን የሚገድበው ሺሩ ስለሆነ፣ በሱ ላይ ከባድ መኪና ይለፍ ተብሎ ፎቅ መጨመር ብክነት ነው፤ የሚያስፈልገው ረድፍ ነው።

ሥራው ላይ ትልቁ ጣጣ ያለው ድልድዩን ወደ ማዶ በመግፋቱ ላይ ነው። በወንዙ ዳር ሁለት የሚወዛወዙ ሮለሮች ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው በየ7.6 ሜትሩ ተራ ሮለሮች ይሰለፋሉ። ግራና ቀኙ በከፍታ እኩል፣ በመስመርም ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ትንሽ ከተዛነፈ ድልድዩ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ የፓነሉ የታች ዘንግም ከሮለሩ ጠርዝ ጋር እየታከከ ይጣመማል። መጀመሪያ የሚገጠመው "አፍንጫ" የሚባለው ባዶ የፊት ክፍል ነው፤ ስትሪንገርም ወለልም አይደረግበትም። ርዝመቱ ከዋናው ድልድይ ግማሽ በላይ ይሆናል፤ ለ30 ሜትሩ 60 በመቶ ያህል ነው። ከኋላው ዋናው ድልድይ እየተገጠመ ይገፋል። የክብደቱ መሐል ከወንዙ ዳር ሮለሮች ወደ ኋላ እስካለ ድረስ ድልድዩ አያጋድልም፤ አፍንጫው ማዶ ሳይደርስ ካለፈ ግን የሚይዘው የለም። ቦታው ወደ ወንዙ ቁልቁል ከሆነ ከኋላ በገመድ የሚይዝ መኪና ያስፈልጋል። አፍንጫው በአየር ላይ ሳለ ጫፉ ዝቅ ስለሚል፣ ወደ ላይ የሚያቀና ማያያዣ ከመሐሉ ይገባል፤ ያ ከተረሳ ጫፉ ከማዶው ሮለር በታች ይደርሳል። የብሬሲንግ፣ ማለትም የደጋፊ ማያያዣዎቹ፣ ብሎኖች በእጅ ብቻ ተይዘው ይቆያሉ፤ ፓነሎቹ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ በኋላ ነው በመፍቻ የሚጠብቁት። ማዶ ሲደርስ አፍንጫው ይፈታል፣ የዳር ቋሚው ይገጠማል፣ ከዚያ በክሪክ ተነስቶ ሮለሩ ይወጣና መቀመጫው ላይ ይወርዳል። አራቱ ማዕዘን እኩል መውረድ አለባቸው፤ ከስር የጣውላ ድርድር ሳይደረግ ክሪኩን ብቻ አምኖ የሚያወርድ ቡድን አደጋ እየጠራ ነው።

ድልድዩ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ብዙዎቹ በብረቱ ድክመት የመጡ አይደሉም። ቀዳሚው ጠላት ወንዙ ነው፤ የዳሩ ግንብ ስር ሲሸረሸር ብረቱ ጤነኛ ሆኖ መሠረቱ ይከዳዋል። ስለዚህ ለጋቢዮን (በሽቦ መረብ ለታጨቀ ድንጋይ) እና ለድንጋይ መከላከያ የሚወጣው ወጪ ከድልድዩ ዋጋ ተነጥሎ መታየት የለበትም። ሁለተኛው ጭነት ነው። የክብደት ልኩ የሚሠራው አንድ መኪና ብቻ በዝግታ ሲያልፍ ነው፤ ሁለት ገልባጭ ተከታትለው ከገቡ ሠንጠረዡ ዋጋ የለውም። ሦስተኛው ግጭት ነው። የጥንቱ ስፋት 3.28 ሜትር፣ የኋለኛው 3.81 ሜትር፣ የ321ዱ 3.7 ሜትር ነው፤ ሰፊ ጭነት የያዘ መኪና ፓነሉን ይፈትገዋል። ከላይ ማያያዣ ስለሌለው የላይኛውን ዘንግ ወደ ጎን እንዳይተኛ የሚይዘው ራከሩ ነው። በመኪና የተመታ ራከር ሳይተካ ድልድዩን ክፍት ማድረግ አይገባም።

አራተኛው የብረት ድካም፣ ማለትም ጭነት ሲደጋገም የሚመጣ ስንጥቅ፣ ነው። ስንጥቅ የሚፈለግበት ዋና ቦታ የታችኛው ዘንግ ላይ፣ ስዌይ ብሬሱ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ያለው ብየዳ ነው። ቀለሙን ጠርጎ በባትሪ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ቀጭን የዝገት መስመር ከታየ ፓነሉ ይወጣል እንጂ በላዩ አይበየድበትም። ከዚህ ሌላ በየጊዜው የሚታዩት ተራ ነገሮች ናቸው፦ የጠፋ ክሊፕ፣ የላላ ስዌይ ብሬስ፣ የተሰነጠቀ ጣውላ፣ የብረት ወለል ከሆነም የተላጠ ማሻከሪያ። አዲስ ድልድይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሎኑን ያላላል፤ እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሁለት ምክር አለን። አንደኛ፣ የእንግሊዙ ፓነል በኢንች የተለካ 3.048 ሜትር፣ የ321ዱ ልክ 3 ሜትር ነው። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በአንድ ድልድይ ላይ ግን አይቀላቀሉም። ጅምላ ክምር ከሆነ እያንዳንዱን በሜትር መለካት ነው። ሁለተኛ፣ የፒን ቀዳዳውን ይዩ። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ፒኑ ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ መገጣጠሚያ የሚሊሜትር ክፍልፋይ የሆነው ክፍተት በአሥር ክፍል ሲደመር ድልድዩ ያለ ጭነትም መሐሉ ይረግባል። አዲስ ፒን አስገብቶ በእጅ ሲነቀነቅ ጎልቶ የሚላወስበትን ፓነል ለይቶ መመለስ፣ ሻጩ እምቢ ካለም ዋጋው በብረት ቁርጥራጭ ሂሳብ እንዲቀነስ መጠየቅ ተገቢ ነው።