ስንት ጊጋ ነው? ኦላማ በባሕር ዳር ላፕቶፕ ሲፈተሽ

የቴክኖሎጂ ዜና ባሕር ዳር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መብራት ሲሄድስ ይሠራል? የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው የኤንቪዲያ አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ዱባይ ላይ፣ ከእንግዲህ ልጆች ሁሉ ፕሮግራሚንግ ካልተማሩ ማለት አያስፈልግም የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረገ። በወሩ ኮግኒሽን የተባለው ኩባንያ ዴቪንን ይዞ ብቅ አለ፤ የመጀመሪያው የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሶፍትዌር መሐንዲስ ነው ተባለ። ፖሊ ግቢ አካባቢ ይህን ያነበበ ዲቨሎፐር ሥራዬን ሊቀማኝ ነው ብሎ ከመደንገጡ በፊት ዋይፋዩ መመለሱን ያያል። ጣና በለስ በሐይቁ ውሃ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሐይቁ ዳር ያሉት ካፌዎች ግን ጀነሬተራቸውን አልሸጡም። ኤአይ ደግሞ እንደ እምቦጭ ተስፋፍቶ ኖትፓድ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ኖትፓድ!

እዚህ የሚገመገመው ያን ያህል ዜና የማይሠራለት ኦላማ ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። የቋንቋ ሞዴል (ሲጠየቅ ጽሑፍና ኮድ የሚጽፍ ኤአይ) አውርዶ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይመልሳል። እንደ ጊትሀቡ የኮድ ረዳት ኮፓይለት በወር 10 ዶላር አይጠይቅም። ያ 10 ዶላር፣ የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ኩባንያው ሳንቲም ሳይጨምርበት በሳምንታት ውስጥ ከ570 ብር ግድም ተነሥቶ 1,000 ብር አልፏል። እሱም በዶላር የሚከፍል ካርድ ለተገኘለት ሰው ነው።

ፈተናው ከማውረዱ ይጀምራል። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር (የሞዴል ትልቅነት መለኪያ) ያለው፣ ክዌን 2.5 ኮደር የሚባለው ኮድ ጻፊ ሞዴል 4.7 ጊጋባይት ነው፤ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር፣ ሳይቋረጥ፣ አንድ ሰዓት ያልፋል። ጉዱ ያለው «ሳይቋረጥ» የምትለው ላይ ነው። የተቋረጠው ኔትወርኩ ብቻ ከሆነ ግድ የለም፤ ያንኑ የማውረጃ (የ«ፑል») ትእዛዝ ደግሞ መስጠት ነው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ላፕቶፑም አብሮ ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኦላማ በተነሣ ቁጥር ቤቱን ያጸዳል፤ ከተሟላ ሞዴል ጋር ያልተያያዘ ፋይል ካገኘ፣ በጅምር የቀረውን ማውረድ ጨምሮ፣ ይሰርዘዋል። 4 ጊጋ ወርዶ 0.7 ሲቀረው መብራት የሄደበት ሰው ጠዋት ከዜሮ ይጀምራል፤ የዳታ ፓኬጁም አብሮ ሄዷል። መፍትሔው ከማውረድ በፊት «ኦላማ ኖፕሩን» የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (የሲስተም ቅንብር) 1 አድርጎ (ሁሉም በካፒታል፣ በሁለቱ ቃላት መሐል አንደርስኮር)፣ ኦላማን ጨርሶ ዘግቶ መክፈት ነው። ይህ ጽዳት በነባሪ ቢዘጋ ማንን ይጎዳ ነበር? ሠሪዎቹ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በአእምሯቸው አልነበረም።

ከሁሉ የሚሻለው አንድ ሰው አውርዶ ለሌላው በፍላሽ ማዳረስ ነው። በዊንዶውስና በማክ፣ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር የኦላማ ፎልደር አለ፤ ውስጡ «ሞዴልስ»፣ እሱም ውስጥ «ብሎብስ» (የሞዴሉ ዳታ) እና «ማኒፌስትስ» (የትኛው ዳታ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ የሚናገረው)። ብዙ ሰው ከባዱን ብሎብስ ብቻ ቀድቶ ይሄድና ሞዴሉ ዝርዝር ውስጥ የለም ይላል። ማኒፌስቱ የሌለ ብሎብ ባለቤቱ ያልታወቀ ጆንያ ነው፤ እንዲያውም ያ ጽዳት የሚወደው ፕሮግራም ሲነሣ ይጥለዋል። ሁለተኛው ወጥመድ ፍላሹ ነው። በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ ይመልሳል። ወደ ኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነው፣ የነበረበትን ካወጡ በኋላ።

ፍጥነቱን በተመለከተ ሒሳቡ ከዜናው በላይ ይናገራል። ሞዴሉ አንድ ቶክን (የቃል ቁራጭ) በጻፈ ቁጥር ክብደቱን በሙሉ፣ ማለትም መላ ፋይሉን፣ ከራም ያነባል። ዲዲአር 4 ባለ 3200 ራም በአንድ ቻናል በሴኮንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ለ4.7 ሲካፈል በሴኮንድ 5 ቶክን ገደማ ነው፣ እሱም ጣሪያው። 1 ጊጋ ገደማ የሆነው የዚያው የክዌን ባለ 1.5 ቢሊዮን ሞዴል ጣሪያ 25 ግድም ይደርሳል። ስለዚህ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ያለው ሰው ፕሮሰሰር ከመመኘት፣ ክዳኑን ከፍቶ ሁለተኛው የራም ቦታ ባዶ መሆኑን ይይ። አንድ ባለ 8 ጊጋ ተቀምጦ ከሆነ ተመሳሳዩን ጎኑ መጨመር ቻናሉን ሁለት ያደርገዋል፣ ጣሪያውም በእጥፍ ይነሣል። በ8 ጊጋ ጠቅላላ ራም ላይ ግን፣ ዊንዶውስና ክሮም ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ፣ የ7 ቢሊዮኑ ሞዴል ወደ ዲስክ ይፈሳል፤ አንድ መስመር እስኪጽፍ አንደኛው ቡና ተወቅጦ ይፈላል። ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ አለ፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፑን ትራስ ላይ አለማስቀመጥና ኦላማ ጎን ለጎን የሚያሠራቸውን የሥራ ክሮች (ትሬዶች) ቁጥር ከፕሮሰሰሩ እውነተኛ ኮሮች ቁጥር አለማሳለፍ ይጠቅማል።

ለኮድ ማሟያ፣ በቪኤስ ኮድ (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ላይ ኮንቲኒዩ የሚባለውን ኤክስቴንሽን ጭኖ የ1.5 ቢሊዮኑን «ቤዝ» (ለውይይት ያልሠለጠነ) ሞዴል ማያያዝ ነው። መካከለኛው፣ የ3 ቢሊዮኑ፣ 1.9 ጊጋ ሆኖ ለ8 ጊጋ ላፕቶፕ ልክክ የሚል ይመስላል፤ ላይሰንሱ ግን ለምርምር ነው፣ ለሚሸጥ ሥራ አይፈቅድም። የ1.5 እና የ7 ቢሊዮኖቹ ግን ለንግድም የሚፈቅደው የአፓቼ 2.0 ላይሰንስ አላቸው። ለደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይቺን ያንብብ።

ወደ ዜና ከተመለስን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 27 ቀን 2025 ዲፕሲክ በተባለው የቻይና ኤአይ ሰበብ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ አጣ። በሳምንቱ «ዲፕሲክ አር 1 ላፕቶፔ ላይ አለ» የሚል ሰው በዛ። የለም። ዋናው ሞዴል 671 ቢሊዮን ፓራሜትር፣ በኦላማ 404 ጊጋባይት ነው። በአጭሩ ስሙን ሲጠሩት የሚወርደው፣ ከዋናው መልስ እንዲማር የተደረገ ትንሽ የክዌን ሞዴል ነበር። ኦላማ ሁለቱን በአንድ ስም ማኖሩ በዲቨሎፐሮች ዘንድ ብዙ ተወቅሶበታል፤ ወቀሳው ልክ ነው። ባለ ታንኳው «ወደ ደብረ ማርያም» ብሎ አሳፍሮ ማዶ ዳር እንደሚያወርድ ነው።

ሥራውስ? ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ኤስኪውኤል፣ የተረሳ የጊት ትእዛዝ፣ ለአንድ ፋንክሽን ቴስት መጻፍ ላይ የ7 ቢሊዮኑ ይረዳል፣ ያለ ማጋነን። ወደ እኛ ጉዳይ ሲመጣ ይወላገዳል። ፍለጋ ላይ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ሃይቅ» አንድ ሆነው እንዲገኙ ፋንክሽን ጻፍ ቢባል፣ ሐን ወደ ሀ የሚቀይር ዝርዝር ሠርቶ ሑ፣ ሒ፣ ሓን ይረሳል። መልሱ ከዝርዝር ያጠረ ነው፦ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ሰባቱ ሆሄያት በተርታ ስለተቀመጡ፣ ከሐ ቤተሰብ ኮድ ላይ 16 መቀነስ ሁሉንም ወደ ሀ ቤት ያስገባል፤ ለሠ ደግሞ 16 መደመር፣ ለፀ 8 መቀነስ። ሃን ወደ ሀ ማምጣት ለብቻው ይጻፋል፣ ድምፁ እንጂ ሆሄው አንድ አይደለምና። ቀን መቀየሪያ ቢጠየቅም «ከዓመቱ 8 ቀንስ» ይላል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 መሆኑን ትቶ። ጳጉሜን ጨርሶ ይዘላል ወይም 6ኛዋን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ያሰላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፈው ዓመት ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019። ይህችን በቴስት ያላጠረ ሰው ደመወዝ የሚያሰላ ሶፍትዌር አይልቀቅ።

በአማርኛ መጠየቁም ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ነው፤ «ሰላም» ብቻ 9 ባይት። የሞዴሉ ቶክናይዘር (ጽሑፍን ወደ ቶክን የሚከፍለው) ፊደላችንን ካልለመደ አንዷን ቃል ብዙ ቦታ ይከታትፋታል፤ በላፕቶፕ ላይ ነባሪው የማስታወሻ መስኮት (ሞዴሉ በአንዴ የሚይዘው የጽሑፍ መጠን) ደግሞ 4096 ቶክን ነው፣ ቀድሞ 2048 ነበር። ሲሞላ ኦላማ ምንም ሳይል የድሮውን ቆርጦ ይጥላል፣ ሞዴሉም የተነገረውን የረሳ ይመስላል። መስኮቱን በሴቲንግ ማስፋት ይቻላል፣ ራም እስከፈቀደ። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ፣ የሚታየውን ጽሑፍ በአማርኛ ማድረግ ይረክሳል።

ሞዴሉ የሚፈለስፈው የላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ፓኬጅ) ስም ደግሞ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌፍትፓድ የተባለች 11 መስመር ኮድ ኤንፒኤም ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ ስትነሣ የስንቱ ፕሮጀክት ቆመ። ያኔ ችግሩ የነበረ ፓኬጅ መጥፋቱ ነበር፤ ዛሬ የሌለ ፓኬጅ መጫኑ ነው፣ ሞዴሎች የሚያልሙትን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ቫይረስ የሚያስቀምጥ አለና። መብራት በሌለበት የተጻፈ ኮድ ኢንተርኔት ሲመለስ ስሞቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ።

ሌላም ጥንቃቄ፦ ኦላማን ለጓደኛ ላፕቶፕ በሆትስፖት ማካፈል ይቻላል፣ በፖርት 11434። የይለፍ ቃል ግን የለውም። ሐይቅ ዳር ካፌ ዋይፋይ ላይ እንዲህ የከፈተ ሰው ራሙን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ከፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኦላማም እንደ ሌሎቹ ሆነ፤ በሌላ ሰው ሰርቨር የሚሠሩ የክላውድ ሞዴሎችን አመጣ። ስማቸው መጨረሻ ላይ «ክላውድ» የሚል አለ፣ ችኩል ዓይን ያልፈዋል። ፍላሽ ከመቀበል በፊት በተርሚናል ዝርዝሩን አስወጥቶ የመጠን ዓምዱን ማየት ነው፤ በጊጋ ፋንታ ሰረዝ ካለበት፣ መብራት ሲሄድ እሱም ይሄዳል።