ለማጅ መኪና ላይ ያለች ባለ መስታወት የ360 ካሜራ፦ ከወራት በኋላ የማስበው

በቀጥታ ልናገር፣ ለአደጋ ማስረጃ የሚሆን ካሜራ ከፈለጋችሁ ይሄን እቃ አትግዙ። ለማጅ የምታሰለጥኑ ከሆነ ግን ፈልጋችሁ አግኙት። እኔ ሀዋሳ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነኝ፣ ከክረምት ጀምሮ ቪትዟ ክሩስኮት ላይ አስቀምጬ እየሰራሁባት ነው፣ ጥሩዋንም መጥፎዋንም አውቄያታለሁ።

እቃዋ ስልክ ከቨር ላይ የምትገጠም ትንሽ ነገር ናት፣ ውስጧ ወደ ውጭ ያበጠ መስታወት አለ፣ ዙሪያው በጠራ ፕላስቲክ ቱቦ ተሸፍኗል። ስልኩን የኋላ ካሜራው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ታስተኙታላችሁ፣ ካሜራው መስታወቱን ያያል፣ መስታወቱ ደግሞ ዙሪያውን ሰብስቦ ያመጣለታል። ሀሳቡ የቆየ ነው፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሽሪ ናያር በ1997 (በፈረንጅ) በዚህ አይነት ካሜራ ላይ ጽፏል፣ ሶኒ በ2010 ብሎጊ ካሜራው ጋር እንዲህ ያለ ሌንስ አውጥቷል፣ በ2011 ደግሞ ለአይፎን 4 የሚሆን ኮጌቶ ዶት የሚባል ተገጣሚ ሌንስ መጣ። 2013 ላይ ሪኮ ቴታ የሚባለው የ360 ካሜራ በሁለት ሌንስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደዛ ሄደ፣ መስታወቱ ተረሳ።

እኔ ግን መኪና ውስጥ መስታወቱን ነው የምመርጠው። ባለ ሁለት ሌንሱ ሁለት ምስል ይቀርጽና ይሰፋቸዋል፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር ቅርብ ስለሆነ ስፌቱ ላይ የሹፌሩ ፊት ሊቆረጥ ይችላል። መስታወቷ ስፌት የላትም፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ምስል፣ አንድ ቅጽበት። ለማጁ የት እንዳየና ውጪ ምን እንደነበረ እኩል ሰዓት ላይ የሚያሳየኝ ሌላ ነገር የለም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት ሰልጣኝ ከፒያሳ ወርደን ገብርኤል አደባባይ ጋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ፍሬቻ አሳየች፣ መሪውን ጀመረች፣ እኔ ፍሬን ያዝኩ። «ምነው ጋሼ፣ አይቻለሁ እኮ!» አለችኝ። አልተከራከርኩም። ዳር ቆመን ላፕቶፑን ከፍቼ ያቺን ቦታ አቆምኩላት። ምስሉ ረጅም ሪባን ሆኖ ተዘርግቷል፣ ግራ በኩል የሷ ፊት አለ፣ አይኗ ማርሹ ላይ ነው፣ ቀኝ በኩል ደግሞ የሰማያዊ ባጃጅ አፍንጫ የኋላ በራችን ጋ ደርሷል። ሁለቱም እዛው አንድ ምስል ላይ። ዝም ብላ አየችውና «ስፖኪዮውን ጭራሽ አላየሁትም ማለት ነው?» አለች። ከዛ በኋላ አንገቷን ሳታዞር ታጥፋ አታውቅም። ይሄን በአፍ ብደጋግመው ትቆጣኛለህ ነው የምትለኝ፣ ሲታይ ግን ክርክር የለም። ሀዋሳ ደግሞ ባጃጁ ከየት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ለኛ ለማጅ ትልቁ ትምህርት እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ሁሉንም ሰልጣኝ አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ፣ አልፈልግም ያለ ካለ እነቅላታለሁ፣ ፊት ነው የሚቀረጸው።

አሁን ወደ ኳሊቲው። ጥሬው ቪዲዮ ልክ እንደ ቦምቦሊኖ ነው፣ መሀሉ ላይ ስልኩ ራሱን ያያል፣ ጠቃሚው ዙሪያው ነው። 1080 ቪዲዮ ላይ ትልቁ ክብ ከዳር እስከ ዳር 1080 ፒክስል ነው፣ ዙሪያው 3,390 ገደማ ይሆናል፣ ለ360 ዲግሪ ሲካፈል በዲግሪ 9 ፒክስል ተኩል አይሞላም። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ታርጋ 10 ሜትር ላይ 27 ፒክስል ገደማ ብቻ ይወጣዋል ማለት ነው፣ እሱም ሁሉ ነገር ከሰመረ፣ ስለዚህ ታርጋ አይነበብም። ወደ መሀል በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ ክቡ እየጠበበ ስለሚሄድ ማርሹና የሰው እጅ ድፍርስ ነው። ባጃጅ መሆኑን፣ እግረኛ መሆኑን፣ አይን ወዴት እንዳየ ግን ይለያል፣ ለኔ ይበቃኛል።

ብርሃኑ ያስቸግራል። መሀሉ ጥቁር ስለሆነ ስልኩ ጨለማ መስሎት ያበራዋል፣ ውጪው ነጭ በነጭ ይሆናል። መፍትሄው ስክሪኑ ላይ በሚታየው ቀለበት ላይ ጣት አድርጎ ያዝ ማድረግና ብርሃኑን መቆለፍ ነው፣ ፎከሱም አብሮ ይቆለፋል፣ አለበለዚያ ቱቦው ላይ ያለ አቧራ ላይ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ስልኩ ሳይተኛ በፊት ነው መጨረስ ያለባችሁ፣ ምክንያቱም ከተኛ በኋላ ስክሪኑ ከታች ነው፣ ምን እየቀረጸ እንደሆነ አታዩም።

ኮብልስቶን ላይ ከቨሩ ይላላል። መስታወቱ ከካሜራው መሀል ትንሽ ፈቀቅ ካለ ቀለበቱ ይጣመማል፣ ሲዘረጋ የታቦር ተራራ ከፍ ዝቅ ይላል። የድሮ ጎማ ቁራጭ ከስር አስገብቼ ጸጥ አለ።

መስታወቱ ላይ ግን ጥንቃቄ፣ ጥንቃቄ። ብዙዎቹ ላይ የሚያብለጨልጨው ሽፋን ከላይ ነው፣ እንደ ቤት መስታወት ብርጭቆ ስር አይደለም፣ ስለዚህ ይጫራል። አንድ ላቫጆ መኪናዋን ሲያጥቡ ቱቦውን አውልቀው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፣ አሁን አንድ ቀጭን ጭረት አለ፣ ፀሐይ ሲመታው ምስሉ ላይ ረጅም ነጭ መስመር ይሰራል። ከዛ ወዲህ አቧራውን በአየር ብቻ ነው የማራግፈው፣ ላቫጆ ስሄድ ደግሞ ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ነው።

ሙቀቱም አለ። እኩለ ቀን ላይ ክሩስኮት ላይ የተኛ ስልክ ይግላል፣ ራሱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ጠዋት ብቻ ነው የምቀርጸው።

ክቡን ምስል ወደ ሪባን ለመዘርጋት የራሷ አፕ አዲስ ስልክ ላይ አልሰራም አለ፣ አሁን ኦፕን ሲቪ በሚባል የምስል ፕሮግራም ላይ ክቡን የሚዘረጋውን ዋርፕ ፖላር የሚባለውን ነው የምጠቀመው፣ አንድ ኮምፒውተር ያጠና ልጅ አስተካከለልኝ፣ ነጻ ነው። አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፣ መስታወት ስለሆነ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ ካልገለበጣችሁት በቀኝ የመጣው ባጃጅ በግራ ይታያል፣ ለማጅ ላይ ደግሞ ይሄ ከምንም በላይ ያደናግራል።

ቀጥሎ 4ኬ የሚቀርጽ ስልክ ብሞክር ደስ ይለኛል፣ ፒክስሉ እጥፍ ይሆናል። ችግሩ ከቨሩ ለዚህ ስልክ ብቻ የተሰራ ነው፣ ካሜራው መሀል ላይ ካልመጣ ደግሞ ዋጋ የለውም። ለሌላ ስልክ የሚገጥም ከቨር በ3ዲ ፕሪንተር ሊሰራ የሚችል ሰው ሀዋሳ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።