የድሮ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር የፊት መስታወት፦ ያገለገለ፣ እዚሁ የተቆረጠ ወይስ ከውጭ የሚመጣ?

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው ላንድክሩዘር 40 እና መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው የድሮ ላንድሮቨር የሚጋሩት ጥሩ ነገር አለ፦ የፊት መስታወታቸው ዝርግ ነው። ዝርግ መስታወት ፋብሪካው ቢያቆመውም እዚሁ ይቆረጣል። የሚያስቸግረው፣ በተለይ ለላንድክሩዘሩ፣ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው የማሸጊያ ጎማ ነው። ከሰበታም ሆነ ከገላን ዕቃ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን ለጎማው ቢያስቀድም ይሻለዋል።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ መስታወት ቢገኝ ልኩ ትክክል መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ከመክፈልዎ በፊት ወደ ፀሐይ አዙረው ይዩት። የዝናብ መጥረጊያው ጭረት ካስቀረበት፣ ወይም ዳሩ ላይ ነጭ ደመና ከታየ ይተዉት። ደመናው እርጥበት ገብቶ በሁለቱ ንጣፎች መካከል ያለው ፕላስቲክ መላቀቅ መጀመሩን ያሳያል፤ በክረምት እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይድንም። መስታወቱ ገና መኪናው ላይ ከሆነ አሮጌው ጎማ በምላጭ ተቆርጦ ይውጣ። በደረቀ ጎማ ላይ መስታወቱን መግፋት ይሰነጥቀዋል።

እዚሁ ለማስቆረጥ የሕንፃ መስታወት የሚሸጡ ቤቶች ላሚኔትድ አላቸው፦ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሁለት ንጣፍ፣ በመካከሉ 0.38 ወይም 0.76 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ። ድንጋይ ዘልቆ እንዳይገባ 0.76 የሆነውን ይምረጡ። ድምሩ ግን 6.76 ይመጣል፤ የመኪና መስታወት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ቦይ ከጠበበ ከንፈሩ ተከፍቶ ይቀርና ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ጎማው እጅ ሳይገባና ቦይው ሳይለካ መስታወት አያስቆርጡ። «ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ መስታወት) እንቆርጣለን» የሚል ካጋጠመዎት አይመኑት፤ ቴምፐርድ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም። የሚሰጥዎት ተራ መስታወት ነው፤ ከፊት የሚሄድ ሲኖትራክ ጠጠር ሲያፈናጥር ስለታም ስብርባሪ ፊት ላይ ይመጣል። ትክክለኛውን ለመለየት ዳሩን ይመልከቱ፦ መሐሉ ላይ የፕላስቲኩ መስመር መታየት አለበት።

የተሰነጠቀውን አሮጌ መስታወት አይጣሉት። ላሚኔትድ ቢሰነጠቅም አይበተንም፤ ከእሱ የተሻለ ልኬት አይገኝም። ከጠፋ ግን ጎማውን አቋርጠው በቴላዮው (መስታወቱ በሚቀመጥበት የብረት ክፈፍ) እና በመስታወቱ ዳር መካከል የሚያርፈውን ውፍረት ይለኩ። 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከቴላዮው ክፍት ወርድና ቁመት 10፣ 10 ይቀንሱ፣ ለመፈናፈኛ ደግሞ ሌላ 2 ይቀንሱ። ልኩን መጀመሪያ ኤምዲኤፍ በሚባለው ጣውላ ቆርጦ መሞከር መስታወት ከማባከን ያድናል።

ጎማው ላይ ምርጫው ሁለት ነው፦ ማዕዘኖቹ በቅርጽ የተጋገሩ ከውጭ የሚመጣ፣ ወይም በሜትር የሚሸጥ። በሜትር የሚሸጠው ይረክሳል፤ ነገር ግን ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ውስጠኛው ከንፈር ይሸበሸባል፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውም እዚያ ነው። ግድ ከሆነ መጋጠሚያው ማዕዘን ላይ ሳይሆን ቀጥ ያለው መሐል ላይ ይዋል፤ ርዝመቱም በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ፣ ጎማ ሲውል ሲያድር ይሸሻል። ጎማው ኢፒዲኤም የሚባለው ፀሐይ የሚችል ዓይነት ይሁን። የአዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ሌላውን ቶሎ ይሰነጣጥቀዋል።

የላንድክሩዘር 40 ገዢ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ መስታወቱን የሚይዘው ጎማና ከቴላዮው ሥር የሚነጠፈው ጎማ የተለያዩ ናቸው፤ ሻጮች ያምታቷቸዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 የ40ውን አንዳንድ ዕቃዎች እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል፤ የመለዋወጫ ቁጥሩን ይዞ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማጣራት ይጠቅማል። የላንድሮቨር ባለቤት ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ መስታወቱ በማሸጊያ ጥብጣብና በብሎን በሚታሰር ብረት ስለሚያዝ የተጋገረ ጎማ አይፈልግም። የዛጉትን ብሎኖች ብቻ በትዕግሥት ይፍታ።

ከሁሉ በፊት ቴላዮው ይታይ። የታችኞቹ ማዕዘኖች ከጎማው ሥር ይዝጋሉ፤ ስቱኮ መለጠፍ ሳይሆን ላሜራ ቆርጦ መበየድ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ቴላዮው ጠሟል፤ አዲሱ መስታወት በመጀመሪያው ኮረኮንች ይሰነጠቃል።

የላንድክሩዘሩ ሲገጠም ጎማው መስታወቱ ላይ ይለበስና ቴላዮውን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ገመድ ይዞራል። አንዱ ከውጭ ሲጫን ሌላው ከውስጥ ገመዱን ይስባል። ማለስለሻው የሳሙና ውሃ ነው፤ የሞተር ዘይትና ግራሶ ኢፒዲኤምን ያሳብጣሉ። ኮምጣጤ የሚሸት ሲልከንም አይግባ፤ አሲዱ ብረቱን ያዝጋል፣ የላሚኔትዱንም ዳር ያላቅቃል። ቡቲል የሚባለውን የማይደርቅ ማሸጊያ ይጠቀሙ። ፍሳሹን ሲፈትሹ ውሃውን ከታች ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያምጡ፤ ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ በየት በኩል እንደገባ አይለይም።