ቀዩ ቆመ፣ ነጩ በሰበሰ፦ የጥድ ግድግዳዬ ከሁለት ክረምት በኋላ

በነሐሴ አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የግድግዳዬን ጣውላ ጠርዝ በአውራ ጣቴ ብጫነው ጣቴ እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠበት። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ዝናብ የሚመታውን ግድግዳ በሐበሻ ጥድ ያለበስኩት ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነበር። ሁለት ክረምት ብቻ!

ልብ ብዬ ሳየው ግን የበሰበሰው ነጩ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው የግንዱ ውጫዊ ክፍል፣ ብቻ ነው። ከጎኑ ያለውን ቀይ እንጨት፣ የግንዱን መሐል ክፍል፣ በቢላ ጫፍ ብወጋው አልበገር አለ፤ ጥቂት ስፍቀው ደግሞ መዓዛው እንደ መጀመሪያው ቀን አወደኝ። ንዴቴም ከዚህ ይነሣል። ጥድ አላታለለኝም። ያታለለኝ ነጩንና ቀዩን አንድ አድርጎ የሸጠልኝ ሰው ነው።

ጣውላው ከፈረሰ አሮጌ ቤት ምሰሶዎች በመጋዝ የተሰነጠቀ ነበር። የቆመ ዛፍ ከሚቆረጥ ይህ ይሻላል ብዬ መረጥኩት፤ በዚህ ዛሬም አልጸጸትም። ነጩን ጠርዝ እያሳየሁ ብጠይቀው ሻጩ «ሃምሳ ዓመት የቆመ እንጨት ከእንግዲህ ምን ይሆናል?» አለኝ፤ አፌን አስያዘኝ። ዛሬ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፦ ወንድሜ፣ የቆመው እኮ ጣሪያ ሥር ነው! ደረቅ እንጨት አይበሰብስም፤ ፈንገስ የሚይዘው በውስጡ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። ነጩ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያሳልፍበት፣ ምግብ የሚያከማችበት ክፍል ስለሆነ መከላከያ የለውም። ቀዩን ግን የገዛ ዘይቱ ይጠብቀዋል። ዝናብ ላይ ስታወጣቸው ሁለቱ የተለያዩ እንጨቶች ናቸው።

አናጺውም ከጥፋቱ ድርሻ አለው። የታችኛውን ጫፍ ከመሬት አራት ጣት ብቻ ከፍ አድርጎ ስለጨረሰው፣ ከድንጋዩ የሚፈናጠቀው ውሃ ሲያርሰው ከረመ። ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር መራቅ ነበረበት። ጥድ በሚስማር ቶሎ ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳቱን ግን አመሰግነዋለሁ።

ቀለሙ ወደ ግራጫ ዞሯል፤ ወድጄዋለሁ፤ ቫርኒሽ አልቀባውም።

ስድስት ጣውላዎች አስነቅያለሁ። ምትካቸውን ልገዛ ስሄድ ከዚያው ሻጭ ዘንድ ሄድኩ፤ እያንዳንዱን እያገላበጥኩ የነጩን ድንበር በእርሳስ አሰመርኩና ከመስመሩ ውጪ ላለው አልከፍልም አልኩት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ መጋዙን አስነሣ፤ ነጩ ጠርዝ እየተቆረጠ እግሬ ሥር ወደቀ።