ኮይምብራ ለምትሄዱ፦ እቺን ሴት ሳትይዙ እንዳትሄዱ

ምስጋናው ዘግይቷል፤ ግን ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። ፖርቱጋል፣ ኮይምብራ ከተማ፣ ባለ ስምንት ወንበር ቫን እየነዳች ራሷ የምታስጎበኝ አንዲት ሴት አለች። ከሎዛ ተራራ ሥር ተወልዳ ያደገች፣ ሃምሳውን ያለፈች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት እናቶችን ሁለት ቀን ሙሉ ይዛ ስትዞር አንዴ እንኳ «ቶሎ በሉ» አላለችም። እግዜር ይስጣት፤ ሌላ ምን ይባላል።

መራራውን አስቀድሜ ልገላገለው። ከእሷ በፊት ገንዘባችንን የበላው አስጎብኚ፣ ስሙን አልጠራም፣ በአንድ ቀን ሦስት ጥፋት ሠርቷል። የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ የጉብኝት ቲኬት ላይ የዡዋኒና ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ሰዓት ተጽፏል። ሰው የሚገባው በቡድን በቡድን፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ተራችሁ ካለፈ ቡድኑ ሄደ ማለት ነው። እሱ ቡናውን ሲጠጣ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳለፈው። ቀጥሎ እናቶቹን ከታች፣ ከአልሜዲና ቅስት ጀምሮ ሽቅብ አስወጣቸው። ደረጃው «ኬብራ ኮሽታሽ» ይባላል፣ ወገብ ሰባሪ እንደማለት ነው፤ ስሙ ራሱ አይነግረውም? ያ ኮብልስቶን ደግሞ በእግር ብዛት ተፍቆ ልሟል፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ማሳረጊያው ምሳው ነበር። ተከፍሎበት የጠበቀን ሚያልያዳ የምትባለው ከተማ የምትታወቅበት ሌይታው ነው፣ እንዳለ የተጠበሰ የአሳማ ግልገል። ከነጆሮው! ያውም ዓርብ ቀን!

ያኔ ያላወቅነውን እናንተ እወቁት። ፖርቱጋል ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት «ሊቭሩ ደ ሬክላማሶይሽ» የሚባል የቅሬታ መዝገብ የመያዝ የሕግ ግዴታ አለበት። ስትጠይቁት ማምጣት አለበት፤ እምቢ ካለ ፖሊስ መጥራት ትችላላችሁ። ይሄንንም የነገረችን እሷው ናት።

እሷ ስልክ ላይ ገና ስንተዋወቅ የጠየቀችው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ጉልበት የሚያመው አለ? የማይበላ ምግብ ያለው አለ? ጫማቸው ምን ዓይነት ነው? ሶሉ ለስላሳ ቆዳ የሆነ ጫማ አታስደርግም፤ የጎማ ሶል፣ ያውም ጥርስ ያለው ይሁን ትላለች።

ከተማዋን የምታስጎበኘው ከላይ ወደ ታች ነው። ቀላል ዘዴ ነው፣ ግን ስንቱ ያደርገዋል? መኪናዋን ኮረብታው አናት ዩኒቨርሲቲው ጋ ታቆምና ቤተ መጻሕፍቱን በጠዋት ቀጠሮ ታስገባችኋለች፣ አሥር ደቂቃ ቀድማ በሩ ላይ ናት። ከዚያ ቸኩላችሁ አትውጡ። በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያዎች ውስጥ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ፤ መጽሐፍ የሚበላውን ነፍሳት ሌሊት ይለቅማሉ። ኩሳቸው የከበረውን እንጨት እንዳያበላሸው ጠረጴዛዎቹ ማታ ማታ ቆዳ ይለብሳሉ፣ ጠዋት ይጸዳል። አንደኛዋ እናታችን ይህን ሲሰሙ «የኛን ብራና አይጥ ከሚበላው!» አሉ። አስጎብኚያችን ትርጉሙን ጠይቃ ስትረዳ የሳቀችው ሳቅ ግቢውን ሞላው። የማማው ደወል ደግሞ «ካብራ» ይባላል፣ ፍየል ማለት ነው፤ ተማሪውን ለትምህርት እየቀሰቀሰ ሲያማርር የኖረ ደወል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1290 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ተመሥርቶ እዚህ ለመጨረሻ የተተከለው በ1537 ነው።

ከዚያ ቁልቁል ነው፦ ማሻዶ ደ ካስትሮ ሙዚየም፣ ከሥሩ ሮማውያን የሠሩት የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ ሴ ቬልያ፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ካቴድራል፤ ወገብ ሰባሪውን በመውረድ፤ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ንጉሥ አፎንሶ ኤንሪኬሽ የተቀበረበት ሳንታ ክሩዝ። ከየት እንደመጣን ስታውቅ ደግሞ የቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስን ነገር አነሳችልን። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር አጼ ልብነ ድንግል ዘንድ መጥቶ፣ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮጳ የጻፈው ሰው የኮይምብራ ልጅ ነው። እናቶቹ ከዚያ በኋላ ከተማዋን እንደ ዘመድ ቤት ነው ያዩዋት።

ባቡር ለሚይዝ፦ ከሊዝበን አየር ማረፊያ በቀዩ ሜትሮ ሦስተኛው ፌርማታ ኦሪየንቴ ነው፤ ከዚያ ኮይምብራ ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ከፖርቶ ደግሞ አንድ ሰዓት ከምናምን። የምትወርዱት ኮይምብራ ቤ (Coimbra-B) የሚባለው ጣቢያ ላይ ነው፣ ከመሐል ከተማ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። መሐል ከተማ የነበረው አሮጌው ጣቢያ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተዘግቷል፤ የድሮ መመሪያ ይዛችሁ እንዳትፈልጉት። እሷ መድረኩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ግንቦት ላይ የተማሪዎቹ ትልቅ በዓል ስላለ አልጋ ይወደዳል፣ እንቅልፍም የለም።

ሁለተኛው ቀን ቡሳኮ ነው፤ ይሄ ጽሁፍ የተጻፈውም ስለዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል። ቡሳኮ ከሉዙ ከተማ በላይ ያለ 105 ሄክታር የታጠረ ደን ነው። ከ1628 ጀምሮ የቀርሜሎስ መነኮሳት አጥር ሠርተው፣ ከሩቅ አገር ዛፍ እያስመጡ ተከሉበት። «የኮይምብራ በር» በሚባለው መግቢያ ላይ የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ሁለት ትእዛዝ በድንጋይ ተጽፏል፦ አንደኛው ሴት እንዳትገባ፣ ሁለተኛው ዛፍ የሚቆርጥ እንዲወገዝ። እናቶቻችን የመጀመሪያውን ሰምተው ገላመጡ፣ ሁለተኛውን ግን አጸደቁት፤ የቤተ ክርስቲያን አጸድ የሚቆርጥ እንኳን እዚያ እኛም ጋ አይወደድም።

እዚህም አካሄዷ ከላይ ወደ ታች ነው። ክሩዝ አልታ የተባለው ከፍታ ድረስ በመኪና፣ ቀሪው ቁልቁል። ፎንቴ ፍሪያ የተባለው ውሃ የሚወርድበት ደረጃ 144 ደረጃ አለው፣ ጎኑ ሁሌም እርጥብ ነው፤ ሁሉም ሰው ያየዋል እንጂ ሁሉም ሰው አይወርደውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን በመኪና አዙራ ከታች፣ ዛፍ አክለው የቆሙ ፈርን የሚባሉ ተክሎች ካሉበት ሸለቆ ሥር ካለው ኩሬ ጋ ታገናኛቸዋለች።

እዚያ ደን ውስጥ በጣም የምትኮራበት «የቡሳኮ ዝግባ» የሚሏት ዛፍ አለች፣ በ1644 የተተከለች እየተባለች የምትነገር። ገና ማስረዳት ስትጀምር ትልቋ እናታችን ቅርፊቱን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው አሸተቱና «ይሄማ የፈረንጅ ጽድ ነው! ደጃችን ያለው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሳይንሱ ስሙ የፖርቱጋል ተብሎ ቢጠራም መነሻው ሜክሲኮና አካባቢው ነው፤ እኛ ጋ በየአጥሩ የተተከለውም ያው ዝርያ ነው። ሴትየዋ ዝም አለች። ከዚያ ከመኪናዋ ታጣፊ ወንበር አምጥታ ከዛፏ ሥር ዘረጋች፣ ፎጣ አነጠፈችበት፣ እናታችንን አስቀመጠችና እሷ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ንገሩኝ፣ እናንተ ጋ ለምን ታውሉታላችሁ?» አለች። ለአርባ ደቂቃ ስለ ጣውላና ስለ አጥር ተወራ። ከፕሮግራሙ አንድ ቦታ የቀነሰችው ለማንም ሳትናገር ነው፤ ያወቅነው ማታ ስንቆጥር ነው። ገንዘቡንም ቀንሳ ተቀበለች።

ሉዙ ስትደርሱ ባዶ ጀሪካን ያዙ። የቅዱስ ዮሐንስ ምንጭ በነጻ ነው፤ የአገሬው ሰው ተሰልፎ ይቀዳል፣ እናቶቻችንም ጠበል እንዳገኘ ሰው ተሰልፈው ቀዱ።

ሎዛ ተራራ ያሉት በስስ ጥቁር ድንጋይ የተሠሩት መንደሮች የሚያምሩ ናቸው፣ ታላዝናል በተለይ። ግን ቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያው ስለሚሞላ ማልዳችሁ ሂዱ። መስከረምና ጥቅምት ላይ የአጋዘን ወንዶች ጩኸት ይሰማል። በእነሱ በጋ ደግሞ፣ የኛ ክረምት ማለት ነው፣ እሷ ጠዋት ሳትነሳ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱን የእሳት ስጋት ካርታ ታያለች፤ ባለ አምስት ደረጃ ነው፣ አራተኛና አምስተኛ ላይ ከሆነ ደን ውስጥ መግባት ይገደባል፣ እሷም ቀጠሮውን ትቀይራለች። አትከራከሯት። ተራራው ዙሪያ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዘይት ያለው ቅጠል ይነዳል፣ የተላጠው ልጥ እየነደደ በነፋስ ይበራል። የ2017 እ.ኤ.አ. እሳት ያለፈበት አገር ነው።

ምግቡን እንዴት እንዳስተካከለችው ላንሳ። ካልዱ ቬርድ የሚሉት የጎመንና የድንች ሾርባ ጾም ይመስላል፣ አይደለም፤ የአሳማ ቋሊማ አንዳንዴ ከላይ ይጣልበታል፣ አንዳንዴ አብሮ ይቀቀላል። «ሰኝ ካርን»፣ ያለ ሥጋ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ቋሊማውን ሥጋ ብሎ የማይቆጥር አስተናጋጅ ሞልቷል። «ሰኝ ሾሪሱ» ጨምሩበት፤ «ባኛ» ማለትም የአሳማ ስብ እንደሌለበትም ጠይቁ። እሷ ግን ወጥ ቤት ድረስ ገብታ ድስቱን ነው ያየችው። በፍስክ ቀን ደግሞ ሻንፋና አስበላችን፣ በቀይ ወይን በሸክላ ድስት የበሰለ ፍየል፤ እናቶቹ ሁለቴ ነው ያስጨመሩት።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ እሷም አትወድም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትጽፉላት ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የጾም ቀን መሆን አለመሆኑን፣ የማን ጉልበት እንደሚያመው አስቀድማችሁ ንገሯት። እሑድ አትሠራም።