የአባቴን ሞርሳ በደብረ ማርቆስ ማሳደስ

ባለፈው ግንቦት ለሦስት ሳምንት ወደ ደብረ ማርቆስ በተመለስሁ ጊዜ፣ ወንድሜ የአባታችንን የእንጨት ሥራ ቤት ለልጁ ሊሰጠው አስቦ ኖሮ፣ ለዓመታት ተቆልፎበት የነበረውን መሣሪያ እንድለይለት ጠየቀኝ። የእርሱ ምክር የዛገውን ሁሉ በኪሎ ሸጦ ከመርካቶ አዲስ መግዛት ነበር። እኔ ግን በምኖርበት አገር እንጀራዬ የብረት ሥራ ስለሆነ፣ ዝገቱን በነጭ ጋዝ አራግፌ ሳየው አብዛኛው ዕቃ የሚጣል ሆኖ አላገኘሁትም።

ከሁሉ የከፋው ሞርሳው፣ ማለትም የሚሠራውን ዕቃ በመንጋጋው አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያ ነበር። ዘንጉ ደህና ቢሆንም ዘንጉ የሚዞርበት ዳዶ (ውስጡ ጥርስ ያለው ማጥበቂያ) ጥርሱ ተበልቶ አልቋል፤ አካሉም ከመንጋጋው ሥር ተሰንጥቋል። መጀመሪያ የወሰድሁለት በያጅ ስንጥቁን ሳያሞቅ በተራ ኤሌክትሮድ ደፈነው፤ በማግስቱ ገና ሳጠብቀው ከብየዳው ጎን እንደገና ተሰነጠቀ። እንደዚህ ሞርሳ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ብረት ካርቦኑ ከ2 በመቶ በላይ በመሆኑ ተሰባሪ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ በድንገት ግሎ ሲቀዘቅዝ መኮማተሩን አይችለውም። ይህን ሳልነግራቸው ቀድመው የነገሩኝ ሁለተኛው ቦታ፣ ማለትም አንድ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ቤት) ያገኘኋቸው ሽማግሌ ባለሙያ ናቸው። የቀድሞውን ብየዳ ፍቀው አወጡት፤ አካሉን በከሰል ላይ ቀስ በቀስ አሙቀው በናስ አያያዙት፤ ከዚያም አመድ ውስጥ ቀብረው አሳደሩት። ዳዶውንም ከናስ በቶርኖ አወጡልኝ። ናስ ከዘንጉ ብረት ስለሚለሰልስ ወደፊት የሚበላው ዳዶው እንጂ ዘንጉ አይሆንም፤ ዳዶ መለወጥ ደግሞ ቀላል ነው። (ሞርሳም፣ ቶርኖም፣ ዳዶም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ ሥራውን የተማርሁት በሌላ ቋንቋ ስለሆነ ስሞቹ ትዝ እስኪሉኝ ድረስ ባለሙያውን በጣት እየጠቆምሁ አስቸግሬያቸዋለሁ።) የጠየቁኝ ዋጋ የአዲስ ሞርሳ ሩብ አይሞላም።

መሮዎቹን ከከተማው ወጣ ብለው ለሚሠሩ አንጥረኛ ሰጠኋቸው። አንድ ሰው ቀደም ሲል በኤሌክትሪክ ሞረድ ሲስላቸው ጫፋቸው ሰማያዊ እስኪሆን ስላቃጠላቸው ጥንካሬያቸው ጠፍቷል። አንጥረኛው ወናፋቸውን እያስነፉ ጫፉን እስኪቀላ አጋሉት፤ ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ ጠርገው ካበሩት በኋላ ደግሞ በዝግታ እያሞቁ ቀለሙ ወደ ገለባ ቢጫነት ሲደርስ መልሰው ነከሩት። ያ ቀለም የሚወጣው በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ እኛ በመሣሪያ የምንለካውን እርሳቸው በጥላ ውስጥ ተቀምጠው በዓይናቸው ይለዩታል። «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ይዋሻል» አሉኝ። የወይራ እጀታም ገጠሙላቸው። ለአራት መሮ አምስት ቀን መጠበቄ ግን እውነት ነው፤ ክረምት ሊገባ ስለነበር ማረሻ ይዞ የመጣ ገበሬ ሁሉ ከእኔ ይቀድም ነበር፤ መቅደሙም ተገቢ ነበር።

መጋዙን የሳለልኝ ወጣት ጥርሱን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ እያዘነበለ በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ሰጥቶኛል።

ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር ቀጠሮ ነው። በቶርኖ ቤቱ መብራት በመጥፋቱ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ስልክ ተደውሎ ቢነገረኝ ኖሮ መንገዱን ባልደከምሁ። ስለዚህ ዕረፍቱ አጭር የሆነ ሰው ሥራውን በደረሰ በመጀመሪያው ቀን እንዲሰጥ እመክራለሁ። የበያጁን ገንዘብ አላስመለስሁም።

የአባቴ የእንጨት መላጊያ ብቻ ቀርቷል፤ ገላው በምስጥ ስለተበላ ከዋንዛ ይሁን ከወይራ እንደገና ይሠራ በሚለው ከወንድሜ ጋር ሳንስማማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ደረሰብኝ።